የሳጥኑ ጽሑፍና የዕቃው ችሎታ ይስማማ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች፥ በአነስተኛ ገንዘብ ከሚጀመሩት ሥራዎች አንዱ የቪዲዮ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ካሜራና ላፕቶፕ ያለው ወጣት ሠርግ ይቀርጻል፤ ክርስትናና የተማሪዎች ምርቃት ይቀርጻል፤ የጥምቀትና የንግሥ በዓል ሲሆን ደግሞ ከታቦቱ ጋር ሲሄድ ይውላል። በውጭ አገር ያለው ዘመድ የወንድሙን ሠርግ የሚያየው በዚህ ወጣት ሥራ ነው። የወጣቱን ገንዘብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለው ግን ባለሱቁ ነው፤ ከባለሱቁም በስተኋላ የመርካቶው አከፋፋይና አስመጪው አሉ። ስለዚህ የተገዛው ዕቃ ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር ነገሩ የወጣቱ ብቻ ሳይሆን የሦስቱም ነጋዴዎች ጉዳይ ነው።

ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቪዲዮ ከካሜራ ወደ ላፕቶፕ ለማስገባት ስለሚሸጡት ዕቃዎች፥ ይኸውም ካፕቸር ካርድ ስለሚባለው መሣሪያ፥ ስለ ሀብ፥ ስለ አዳፕተርና ስለ ገመድ ነው። አሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው፤ እነዚህ ዕቃዎች በሳጥናቸው ላይ በተጻፈው ስምና በጫፋቸው ቅርጽ መገበያየታቸው ቀርቶ፥ በሴኮንድ በሚያሳልፉት መጠን ሊገዙና ሊሸጡ ይገባል።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ላፕቶፕ የገዛ ሰው በግራና በቀኙ ብዙ ቀዳዳ ያገኝ ነበር። ሦስት ወይም አራት የዩኤስቢ፥ የስክሪን፥ የኔትወርክ፥ የሚሞሪ ካርድ፥ በአንዳንዱም ላይ ፋየርዋየር የተባለው የቪዲዮ ካሜራ ቀዳዳ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ እየሳሳ በሄደ መጠን ቀዳዳዎቹም እየተቀነሱ መጡ። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ቀጭን ማክቡክ ከጆሮ ማዳመጫው በቀር አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረው፤ በዚያው ኤሌክትሪክ ይሞላ፥ በዚያው መረጃ ይገባና ይወጣ ነበር። ሌሎቹም ፋብሪካዎች በዚሁ መንገድ ሄዱ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2024 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ስልኮች፥ ከኤፕሪል 2026 ዓ.ም. ጀምሮም ላፕቶፖች ዩኤስቢ ሲ በሚባለው ቀዳዳ ኤሌክትሪክ የሚሞሉ እንዲሆኑ ደንግጓል። ለእኛ ገበያ የሚመጣው አዲስም ሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ከዚያው ከዓለም ገበያ ስለሆነ፥ ቀዳዳው ጥቂት የሆነ ላፕቶፕ በየሱቃችን እየበዛ እንደሚሄድ አያጠራጥርም።

የቀዳዳው ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ቀላል በሆነ ነበር። ዋናው ችግር ግን በቅርጽ አንድ የሆኑት ቀዳዳዎች በችሎታ እጅግ የተለያዩ መሆናቸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው የዩኤስቢ ደረጃ በሴኮንድ ቢበዛ 480 ሚሊዮን ቢት ያሳልፋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው ደረጃ ግን 5 ቢሊዮን ቢት ያሳልፋል፤ ይህም ከቀድሞው ከዐሥር እጥፍ በላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጣው ዩኤስቢ ሲ ደግሞ የቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። በዚህ በአንዱ ቅርጽ ውስጥ 480 ሚሊዮን ብቻ የሚያሳልፍም፥ 5 ወይም 10 ወይም 40 ቢሊዮን የሚያሳልፍም ሊኖር ይችላል። በአንዱ ስክሪን ማገናኘት ይቻላል፥ በሌላው አይቻልም፤ አንዱ ላፕቶፑን ኤሌክትሪክ ይሞላል፥ ሌላው አይሞላም። ይህን ዐይን አይቶ ሊለየው አይችልም። የቀዳዳው ውስጥ ሰማያዊ መሆንም ብዙ ጊዜ የሦስተኛው ደረጃ ምልክት ቢሆንም፥ ቀለም መቀባት ለማንም የሚቻል ስለሆነ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይገባውም።

ገዢን የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው በላፕቶፑ ላይ ኤችዲኤምአይ የሚባለውን ቀዳዳ ሲያይ የካሜራው ሥዕል በዚያ በኩል የሚገባ ይመስለዋል፤ ባለሱቁም ገመዱን አንሥቶ ይሸጥለታል። ነገር ግን በላፕቶፕ ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ፥ ምናልባት ከጥቂቶች በቀር፥ ሥዕል የሚያወጣ እንጂ የሚያስገባ አይደለም። ሥዕሉ እንዲገባ ከካሜራው ኤችዲኤምአይ ተቀብሎ ወደ ላፕቶፑ ዩኤስቢ የሚያሻግር ካፕቸር ካርድ የግድ ያስፈልጋል። ገመድ ብቻ የገዛው ሰው ግን ሠርጉ ቀን ካሜራውን ከላፕቶፑ ጋር አያይዞ ምንም ነገር አያይም።

አሁን ካፕቸር ካርዱን ራሱን እንመርምር። ኤችዲ የሚባለው ሙሉ ጥራት ያለው ሥዕል በአግድም 1,920፥ በቁም 1,080 ነጥቦች አሉት፤ ሁለቱ ሲባዙ 2,073,600 ነጥብ ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 16 ቢት ቢመደብና በሴኮንድ 60 ሥዕል ቢተላለፍ፥ ድምሩ ወደ 2 ቢሊዮን ቢት ይጠጋል፤ በሴኮንድ 30 ሥዕል ብቻ ቢሆን እንኳ 1 ቢሊዮን ቢት ያህል ነው። እንግዲህ 480 ሚሊዮን ብቻ በሚያሳልፈው ቀዳዳ ይህን ሁሉ እንዳለ ማሳለፍ የማይቻል መሆኑን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ ይበቃል።

የሞጣ ሰው ነገሩን በሌላ መንገድ ያውቀዋል። በዐባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ መካከሉ ከተሰበረ በኋላ፥ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ እስኪሠራለት ድረስ፥ መንገደኛው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። በወዲህና በወዲያ ማዶ የነበረው ሰውና ጭነት የቱን ያህል ቢበዛ፥ የሚሻገረው ገመዱ የቻለውን ያህል ብቻ ነበር። ካሜራው ውድ፥ ላፕቶፑም ሰፊ ዲስክ ያለው ቢሆን፥ በመካከላቸው ያለው ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ ነገሩ እንደዚሁ ነው።

ታዲያ በሁለተኛው የዩኤስቢ ደረጃ የተሠሩት ርካሽ ካፕቸር ካርዶች እንዴት ይሠራሉ ቢባል፥ እያንዳንዱን ሥዕል ጨምቀው በማሳነስ፥ የሥዕሉንም ቍጥር ብዙ ጊዜ በሴኮንድ ወደ 30 ዝቅ በማድረግ ነው። በሳጥናቸው ላይ ግን በትልቁ «4ኬ» ተብሎ ተጽፎ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ መሣሪያው ከካሜራው በኩል የ4ኬ ሥዕል ሊቀበል ይችላልና። ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው ግን የዚያን ሩብ ነው። ይህንንም በትንንሽ ፊደል ከሳጥኑ ጀርባ ይጽፉታል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይጽፈውም። ገዢው በፊት ለፊት ያለውን አንብቦ ይከፍላል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «የገጠር ከተማ ገዢ ዐቅሙ የሚፈቅድለት ርካሹን ነው፤ ርካሹን ካወገዛችሁ ሥራውን ትዘጉበታላችሁ» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ርካሹ ካፕቸር ካርድ በተገቢው ቦታ ከዋለ መልካም ዕቃ ነው። ስብሰባን ወይም የትምህርት ቤት በዓልን በቀጥታ በኢንተርኔት ለማስተላለፍ፥ ሥዕሉ በመንገዱ ላይ እንደገና መጨመቁ ስለማይቀር፥ እርሱ ይበቃል። ሙሽሮች ዕድሜ ልካቸውን የሚያዩትን ሠርግ በዋናነት በእርሱ መቅዳት ግን አይገባም። እንግዲህ የምንለው ርካሹ አይሸጥ አይደለም፤ ርካሹ ርካሽ ተብሎ፥ ችሎታውም ተነግሮ ይሸጥ ነው። የቢቸና የጤፍ ነጋዴ ማኛውንም ሠርገኛውንም ይሸጣል፤ ሁለቱም ገዢ አላቸው። ሠርገኛውን ማኛ ብሎ የሸጠ ቀን ግን በሚቀጥለው ገበያ ወደ እርሱ የሚመጣ የለም። ገዢውም ቢሆን ጤፉን እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ሳያይ ዋጋ አይቈርጥም።

ቀዳዳው ጥቂት በሆነ ላፕቶፕ ላይ ሀብ የሚባለው ማብዣ መሸጡ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ሀብ ቀዳዳን እንጂ መንገድን እንደማያበዛ ለገዢው ሊነገረው ይገባል። ካፕቸር ካርዱ፥ የውጭ ዲስኩና ፍላሹ በአንድ ሀብ ላይ ቢሰኩ ሁሉም የአንዱን ቀዳዳ ፍጥነትና ኤሌክትሪክ ይካፈላሉ። የሁለተኛው ደረጃ ቀዳዳ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 500 ሚሊአምፔር፥ የሦስተኛው 900 ሚሊአምፔር ሲሆን፥ በዚህ ላይ ብዙ ዕቃ ሲጫን ዲስኩ ይጠፋል፥ ቀረጻውም ይቋረጣል። ስለዚህ ባለሱቁ እንዲህ ብሎ ቢመክር መልካም ነው፤ ካፕቸር ካርዱ በፈጣኑ ቀዳዳ ላይ ብቻውን ይሰካ፤ ቀረጻው በቅድሚያ በላፕቶፑ በራሱ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ሥራው ካለቀ በኋላ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልበጥ፤ ላፕቶፑ ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍና ሦስተኛውን ደረጃ የያዘ ሀብ ይገዛ። የካሜራው ባትሪ ምልክትና ሰዓቱ በሥዕሉ ላይ አብሮ እንዳይቀዳም፥ ከካሜራው ማስተካከያ ውስጥ መጥፋት እንዳለበት ይነገረው።

ከዚህም በላይ ለማያስፈልገው ሰው ካፕቸር ካርድ አለመሸጥ የመልካም ነጋዴ ምልክት ነው። የዛሬ ካሜራ አብዛኛው በሚሞሪ ካርድ ላይ ስለሚቀዳ፥ ቀረጻው ካለቀ በኋላ በካርድ ማንበቢያ መገልበጥ ብቻ ይበቃል፤ ከጥራቱም የሚቀነስ ነገር የለም። ካፕቸር ካርድ የሚያስፈልገው በቀጥታ ለሚተላለፍ ሥራ፥ ብዙ ካሜራ ባንድነት ለሚያሠራ ሰው፥ ወይም ከአሮጌ ማጫወቻ ለሚገለብጥ ነው። «ምን ልትሠራበት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው በፊት መቅደም አለበት።

ስለ አሮጌው ካሴት ለብቻው መናገር ይገባናል፤ እውነተኛው ጕዳት ያለው በዚህ ላይ ነውና። በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉት ቤቶች ሚኒ ዲቪ በሚባለው ትንሽ ካሴት የተቀዳ ሠርግና በዓል በየሣጥኑ ተቀምጧል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የወጣው ኤችዲቪ የተባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው አቀዳድም በዚሁ ካሴት የሚሠራ ነበር። ከእነዚህ ካሴቶች መካከል የዲማ ጊዮርጊስንና የደብረ ወርቅ ማርያምን በዓል የያዙ፥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሊቃውንትና ወላጆች ድምፅ ያለባቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ካሴት ደግሞ ዕድሜ አለው። ዩኔስኮ በ2019 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ በማግኔት ካሴት ላይ ያለ ቅርስ በቶሎ ካልተገለበጠ ማጫወቻው ጠፍቶ የማይነበብ እንደሚሆን አስጠንቅቋል። በጃፓን የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች የነበረው ፉናይም በጁላይ 2016 ዓ.ም. ሥራውን አቁሟል።

ሚኒ ዲቪ ካሴት ጥራቱን ሳያጓድል የሚገለበጠው በፋየርዋየር በኩል ነው፤ የአንድ ሰዓቱ ካሴትም ከ11 እስከ 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። ነገር ግን አዲሶቹ ላፕቶፖች ይህ ቀዳዳ የላቸውም። በዚህ ምክንያት በአንድ ጫፉ ፋየርዋየር፥ በሌላው ዩኤስቢ የሆነ ርካሽ ገመድ በዓለም ገበያ ይሸጣል። ይህን ገመድ ያስመጣ ነጋዴ ገንዘቡን በከንቱ አፈሰሰ። ፋየርዋየርና ዩኤስቢ የአሠራር ቋንቋቸው የተለያየ ስለሆነ፥ በመካከላቸው የሚያስተረጕም መሣሪያ የሌለበት ባዶ ገመድ ቪዲዮ ሊያሻግር አይችልም። ትክክለኛው መንገድ ፋየርዋየር ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ መጠገን፥ ወይም በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ የፋየርዋየር ካርድ ማስገባት ነው። እንግዲህ አሮጌ ነው ተብሎ የተጣለው ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ ከአዲሱ ይበልጣል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሕግም ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዐይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛም እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። በየደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ማተም ይህን መብት አይሽረውም። ይሁን እንጂ ሸክሙ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? የሞጣው ባለሱቅ ለገዢው ቢመልስ የመርካቶው አከፋፋይ አይመልስለትም፤ አከፋፋዩም አስመጪውን ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ በመጨረሻ የሚከስረው ከሁሉ የደከመው ነው።

አስመጪውም ቢሆን ከኪሳራው ነጻ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እንዲህ ባለ ዋጋ በተገዛ ዶላር ሥራ የማይሠራ ገመድ ማስገባት ለአገርም ለነጋዴም ጕዳት ነው። ላኪዎቻችንም ቢሆኑ ያመጡት ዶላር በዚህ መንገድ ሲባክን ሊቈረቈሩ ይገባቸዋል። እነርሱም መጋዘናቸውንና የእህላቸውን አበጣጠር ለሩቅ ገዢ በቪዲዮ በሚያሳዩበት ጊዜ የዚሁ ዕቃ ደንበኞች ናቸው።

ስለዚህ የሚከተሉትን አሳቦች ለአንባብያንና ለንግድ ምክር ቤታችን እናቀርባለን።

1ኛ/ አስመጪዎች ፕሮፎርማ ሲጠይቁ «4ኬ ካፕቸር» በሚል ስም ብቻ አይዘዙ። ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው ሥዕል ስንት በስንት እንደ ሆነ፥ በሴኮንድ ስንት ሥዕል እንደሚያስገባ፥ የትኛውን የዩኤስቢ ደረጃ እንደሚጠቀም በፕሮፎርማው ላይ በቍጥር ይጻፍላቸው። ብዛት ከማዘዛቸውም በፊት ናሙና አስመጥተው ይሞክሩ።

2ኛ/ አከፋፋዮች ከእያንዳንዱ ካርቶን ጋር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይስጡ፤ እነዚያው ሦስት ቍጥሮች ይኑሩበት። ፍተሻውን ያላለፈ ዕቃም ከባለሱቁ የሚመለስበትን ቀን አስቀድመው ይወስኑ።

3ኛ/ ባለሱቆች በመደርደሪያቸው ላይ አንድ ላፕቶፕና አንድ ካሜራ አዘጋጅተው ዕቃውን በገዢው ፊት ለዐሥር ደቂቃ ያስቀዱ። በፊት ለፊት አንድ ሰው ያጨብጭብ፤ ቀረጻው ሲታይ ድምፁና እጁ እኩል ካልሆኑ ጉድለት አለ። ኦቢኤስ የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም በመንገድ የቀረውን ሥዕል ቍጥር ስለሚያሳይ በእርሱ ይመርምሩ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ፕሮግራም ማውረድ የማይቻል እንደ ነበረ አይዘነጋምና፥ የፕሮግራሙን ቅጂ በፍላሽ ይዞ ለገዢው መስጠት ትልቅ አገልግሎት ነው።

4ኛ/ ምክር ቤቱ በቢቸና አንድ፥ በሞጣ አንድ የካሴት መገልበጫ ቦታ እንዲቋቋም ባለፎቶ ቤቶችን ያስተባብር። ለአንድ ሱቅ ከባድ የሆነው ፋየርዋየር ያለው ኮምፒውተርና የሚሠራ የሚኒ ዲቪ ማጫወቻ፥ ባለሱቆቹ ገንዘብ ቢያዋጡለት አይከብድም። ይህ ሥራ አገልግሎት ብቻ ሳይሆን ገቢ ያለው ንግድ ነው፤ የቤተ ሰቡ ካሴት እንዲገለበጥለት የማይፈልግ ሰው ጥቂት ነውና።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሦስተኛው ምንም ስብሰባና ፈቃድ አያስፈልገውም፤ በሚቀጥለው ሰኞ ሱቁን የሚከፍት ነጋዴ ሊጀምረው ይችላል። የተበላሸ ስልክ ሊጠገን፥ የተቀደደ ጨርቅ ሊሰፋ ይችላል። ሳይቀዳ ያለፈ ሠርግ ግን እንደገና አይደገስም፤ የሞተ አባትም ለካሜራ ተመልሶ አይቆምም። ይህን ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ይህን ያስብ።